ዊንዶውስ 11ን «አይችልም» በተባለ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ መጫን

ዊንዶውስ 10 ከማይክሮሶፍት ያገኝ የነበረው መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ተቋርጧል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ገበያችንን የሞሉትን አብዛኞቹን ያገለገሉ ላፕቶፖች አልቀበልም ይላል። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ460፣ ዴል ላቲቲውድ ኢ7470 ሁሉም ከተፈቀዱት ዝርዝር ውጭ ናቸው። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራው፣ ማመልከቻ የሚተየበው፣ የሱቅ ሒሳብ የሚያዘው ግን በእነዚህ ነው። ጥሩ የቁልፍ ሰሌዳ፣ ጠንካራ አካልና ለዕለት ሥራ የሚበቃ ፕሮሰሰር ያለውን ዕቃ በአንድ ዝርዝር ምክንያት መጣል በጣም ያሳዝነኛል። መጣልም አያስፈልግም።

ይህ መመሪያ ፍላሽን ወደ መጫኛ በሚለውጠው ሩፎስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም አማካይነት ዊንዶውስ 11ን በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ እንዴት እንደሚጭኑ ያሳያል። ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ለማያሟላ ኮምፒውተር ማሻሻያ የመላክ ግዴታ የለብኝም ብሏል። በተግባር ወርኃዊው የደኅንነት ማሻሻያ እየደረሰ ነው፤ በየዓመቱ የሚወጣው አዲስ እትም ግን በራሱ አይመጣም። እሱን የማምጣት ኃላፊነት ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ይሆናል። ይህን ለመሸከም ፈቃደኛ ካልሆኑ ወይም ማሽኑ የድርጅት ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ከሆነ፣ መስፈርቱን የሚያሟላ ኮምፒውተር መግዛት ይሻላል።

ማሽኑን መመርመር

ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው ሲስተም፣ ከዚያም አባውት የሚለውን ይክፈቱ። የፕሮሰሰሩ ስም፣ የራሙ መጠንና ዊንዶውሱ 64 ቢት ወይም 32 ቢት መሆኑ በዚያ ገጽ ላይ ይታያል።

የኢንቴል ፕሮሰሰር ትውልድ ከስሙ ይነበባል። አይ5-6300ዩ ቢል ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 6 ስድስተኛ ትውልድ ማለት ነው፤ አይ5-8250ዩ ደግሞ ስምንተኛ ነው። ማይክሮሶፍት በይፋ የሚቀበለው በጥቂት ልዩነቶች ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ስምንተኛ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ «አይችልም» ከተባለ ይህን ሁሉ ጉዞ አይጀምሩ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ቲፒኤም የተባለው የደኅንነት ክፍል ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ መዘጋቱ ነው። ባዮስ ገብተው ኢንቴል ፒቲቲ ወይም ቲፒኤም የሚለውን ያብሩ፣ ሴኪዩር ቡትንም ያብሩ፣ ከዚያ በመደበኛው መንገድ ያሻሽሉ።

ከሁለተኛ እስከ ሰባተኛ ትውልድ ያለው ማሽን ለዚህ መመሪያ ተስማሚ ነው። እኔ ከአራተኛው ትውልድ በታች ላለው ብዙም አልገፋፋም፤ መጫኑ ይጫናል፣ የስክሪንና የገመድ አልባ መረብ ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ማግኘት ግን ያደክማል።

የማይታለፍ ድንበርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው 24ኤች2 እትም ጀምሮ ዊንዶውስ 11 ኤስኤስኢ 4.2 እና ፖፕካውንት የሚባሉ የፕሮሰሰር ትእዛዞችን ይፈልጋል። ኮር 2 ዱዎ የተባለው የቆየ የኢንቴል ፕሮሰሰር እነዚህን አያውቅም፤ ምንም ብልሃት ቢጠቀሙ አይነሳም። ራሙ ከ4 ጊጋባይት በታች የሆነ ወይም ማከማቻው 32 ጊጋባይት ብቻ የሆነ ትንሽ ላፕቶፕም እንዲሁ ለዚህ አይሆንም። ለእነዚህ ሊነክስ ሚንት የተባለውን ነጻ የዊንዶውስ ምትክ፣ ኤክስኤፍሲኢ በሚባለው ቀላል ገጽታ ይጫኑ። በ2 ጊጋባይት ራም ይነሳል፣ በ4 ጊጋባይት በደንብ ይሠራል፣ 22ኛው እትምም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ያገኛል። ጽሑፍ፣ ኢንተርኔትና ቪዲዮ ብቻ ለሚፈልግ ቤተሰብ ደካማ ማሽን ላይ ዊንዶውስ ከማስጨነቅ ይህ በእጅጉ የተሻለ ነው።

ገንዘብ ካለዎት መጀመሪያ እዚህ ላይ ያውሉት

ማሽኑ አሁንም የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለው ዊንዶውስ 11ን አይጫኑበት። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ቡና ተፈልቶ ይደርሳል። የ240 ወይም የ256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ማከማቻ) መግዛት ፕሮሰሰር ከመቀየር የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲም ኤም.2 የተባለውን ቀጭን ኤስኤስዲም ይቀበላል፤ ቲ460 ባለ 2.5 ኢንቹን ይወስዳል፤ ላቲቲውድ ኢ7470 ግን ኤም.2 ብቻ ነው። ሻጭ ጋ ሲሄዱ የማሽኑን ሙሉ ስም ይዘው ይሂዱ።

ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት ያሳድጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 840 ጂ3 ዲዲአር4 ሲወስድ በተመሳሳይ ዘመን የተሠራው ቲ460 ዲዲአር3ኤል ነው። አንዱ ለሌላው አይገባም። በቲ460ኤስ ላይ ደግሞ ከራሙ ከፊሉ ሰሌዳው ላይ የተበየደ ስለሆነ የሚቀየረው አንዱ ብቻ ነው።

ሽፋኑን እንደከፈቱ የማቀዝቀዣውን አቧራ ያጽዱ። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነም የሰሌዳውን ትንሽ ባትሪ ይቀይሩ። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ደኅንነታቸው የተጠበቁ ድረ ገጾችን አይከፍትም፣ ዊንዶውሱም አክቲቬት አይሆንም (ፈቃዱ አይረጋገጥም)፤ ሰው ግን ጥፋቱን በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ ይለጥፋል።

ፋይል ማዳን

በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ መጠባበቂያ ቅጂ ሳይዙ አንድም እርምጃ አይሂዱ። ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስና ፒክቸርስ ለሁሉም ግልጽ ናቸው። የሚረሳው ዳውንሎድስ ውስጥ ያለው የቴሌግራም ማኅደር ነው፤ የብዙ መሥሪያ ቤት ደብዳቤና የብዙ ተማሪ መጽሐፍ የሚኖረው እዚያ ነው። በብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችንም አውጥተው ያስቀምጡ።

ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ የድርጅቱን ማኅደር መገልበጥ ብቻውን አይበቃም። ፕሮግራሙን ከፍተው ፋይል ከሚለው ማውጫ ባክአፕ ይውሰዱ፤ ቅጂውንም በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። የመጫኛ ዲስኩና የምዝገባ ቁጥሩ በእጅዎ መኖራቸውን ያረጋግጡ። ከሌሉ ከታች ከማቀርባቸው ሁለት መንገዶች የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አይምረጡ።

ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ላይ የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ያሉት ሰው የፊደሎቹን መጫኛ ያስቀምጥ። እነዚያ ሰነዶች በዩኒኮድ (በዛሬው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት) ስላልተጻፉ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ይታያል። የሃያ ዓመት የጉባኤ ቃለ ጉባኤ በዚህ ምክንያት የማይነበብ ሲሆን ማየት ከባድ ነው። ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ በመሆኑ ከ16 ቢት ዘመን የቀሩ ጥንታዊ ፕሮግራሞች ጨርሶ እንደማይሠሩበትም ይወቁ።

በመጨረሻ ዊንዶውስ 10ው አክቲቬት መሆኑንና ሆም ወይም ፕሮ መሆኑን ከሴቲንግስ አይተው ይጻፉ። ሕጋዊው ፈቃድ ከማሽኑ ሰሌዳ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ያንኑ ዓይነት ዊንዶውስ 11 ሲጭኑ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ በራሱ አክቲቬት ይሆናል። ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የፕሮ ፈቃድ ይዘው ይመጣሉ። በሰበራ ፕሮግራም አክቲቬት የተደረገ ከሆነ አይተላለፍም፤ እንዲያ ያሉ ፕሮግራሞች ደግሞ ቫይረስ የሚገባባቸው ዋና በሮች ስለሆኑ ወደ አዲሱ ዊንዶውስ ይዘዋቸው አይሻገሩ።

ፍላሹን ማዘጋጀት

ባለ 16 ጊጋባይት ፍላሽ ያስፈልጋል፤ በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የዊንዶውስ 11 አይኤስኦ ፋይል (ሙሉ መጫኛውን የያዘው) ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ርካሽ ጥቅል በሚገኝበት ሰዓት ያውርዱት። የሚወርደው ከማይክሮሶፍት ገጽ ብቻ ነው። ከቴሌግራም ቻናል የተገኘ «የተቀነሰ» ወይም «ፈጣን» ዊንዶውስ አይጫኑ፤ ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። ሩፎስንም ከራሱ ድረ ገጽ ያውርዱ፤ እትሙ 4.6 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ይሁን፤ ምክንያቱን ከታች ያዩታል።

1. ፍላሹን ይሰኩና ሩፎስን ይክፈቱ። ከላይ «ዲቫይስ» በሚለው ቦታ የተጻፈው ፍላሹ እንጂ መጠባበቂያ ቅጂ ያለበት ሃርድ ዲስክ አለመሆኑን ሁለቴ ያረጋግጡ። ከዚህ ሥራ በፊት መጠባበቂያውን ነቅለው ቢያስቀምጡት ይበልጥ ያስተማምናል።

2. «ሴሌክት» የሚለውን ተጭነው የወረደውን አይኤስኦ ይምረጡ።

3. «ፓርቲሽን ስኪም» ላይ ጂፒቲ ይምረጡ። ማሽኑ ዩኢኤፍአይ (አዲሱን የባዮስ ዓይነት) የማያውቅ አሮጌ ከሆነ ኤምቢአር ይሁን። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በስታርት መፈለጊያ ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ይክፈቱና «ባዮስ ሞድ» በሚለው መስመር ያንብቡ። ሌጋሲ የሚል ከሆነ ኤምቢአር ነው።

4. «ስታርት» ሲሉ ጥቂት ሳጥኖች ያሉበት መስኮት ይመጣል። የዚህ ሁሉ ሥራ ልብ ይህ መስኮት ነው። የመጀመሪያው ሳጥን የ4 ጊጋባይት ራም፣ የሴኪዩር ቡትና የቲፒኤም 2.0 መስፈርቶችን የሚያነሣው ነው፤ ምልክት ያድርጉበት። ቀጥሎ ያለው የማይክሮሶፍት አካውንት ግዴታን ያነሣል፤ እሱንም ይምረጡ። በራስዎ ስም የአካባቢ አካውንት የሚፈጥረውን መርጠው ስሙን በላቲን ፊደል፣ ያለ ባዶ ቦታ ይጻፉ። ቢትሎከር የሚባለውን በራሱ የሚጀምር የዲስክ መቆለፊያ የሚያጠፋውንም ይምረጡ። የመክፈቻ ቁጥሩ ሳይያዝ የተቆለፈ ዲስክ ሰሌዳው የተበላሸ ዕለት ከነፋይሉ ይቀራል። መቆለፍ የሚፈልግ ሰው በኋላ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ራሱ ይቆልፍ።

5. «ኦኬ» ብለው ሥራው እስኪያልቅ ይጠብቁ። በዘገምተኛ ፍላሽ ግማሽ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። አሞሌው የቆመ ቢመስልም አይንቀሉት።

መንገድ አንድ፦ ፕሮግራሞቹን ሳይነኩ ማሻሻል

ፒችትሪ፣ የግዕዝ ፊደሎችና ሌሎች ፕሮግራሞች በቦታቸው እንዲቀሩ ለሚፈልግ ሰው ይህ ይሻላል። ዊንዶውስ 10 እንደበራ ፍላሹን ከፍተው «ሴትአፕ» የሚለውን ይጫኑ። ሩፎስ ከ4.6 እትም ጀምሮ በዚህ ፋይል ላይ የፕሮሰሰርና የቲፒኤም ፍተሻውን የሚያልፍ ጨምሮበታል፤ እትሙን ያሳሰብኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ በሚመጣው ገጽ ላይ ማሻሻያ አሁን እንዳያወርድ ይምረጡ፤ ጥቅልዎን ይቆጥባል። ከዚያ ፋይልም ፕሮግራምም ይቆይ የሚለው አማራጭ መመረጡን ይመልከቱ። አማራጩ ደብዝዞ አልጫንም ካለ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቋንቋ ልዩነት ነው፦ የተጫነው የአሜሪካ እንግሊዝኛ ሆኖ የወረደው የዓለም አቀፍ እንግሊዝኛ ነው ወይም በተቃራኒው። ትክክለኛውን አይኤስኦ አውርደው ፍላሹን እንደገና ያዘጋጁ። 32 ቢት በሆነ ዊንዶውስ 10 ላይ ይህ መንገድ አይሠራም። የሲ ድራይቭ ቢያንስ 30 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ይኑረው።

በዚህ መንገድ የገባ ሰው ካልወደደው በ10 ቀን ውስጥ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ገብቶ ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ ይችላል። በእነዚህ ቀናት የሒሳብ ፕሮግራሙን፣ ፕሪንተሩንና ስካነሩን አንድ በአንድ ይሞክሩ። ከ10 ቀን በኋላ መመለሻው ይዘጋል።

መንገድ ሁለት፦ ፎርማት አድርጎ መጫን

አዲስ ኤስኤስዲ ለገባበት ወይም በቫይረስ ለተጨናነቀ ማሽን ይህ ይመረጣል።

ኮምፒውተሩን አጥፍተው ፍላሹን እንደሰኩ ያብሩትና የመነሻ ምርጫውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ። በኤችፒ ኤፍ9፣ በዴል፣ በሌኖቮ ቲንክፓድና በቶሺባ ኤፍ12፣ በአሱስ ኢስኬፕ ነው። በኤሰርም ኤፍ12 ነው፤ ግን አስቀድሞ ባዮስ ውስጥ መብራት ሊኖርበት ይችላል። ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ይምረጡ።

ቋንቋ መርጠው ይለፉ፤ የምርት ቁጥር ሲጠይቅ የለኝም የሚለውን ይጫኑ፤ ቀደም ሲል የጻፉትን ዓይነት፣ ሆም ወይም ፕሮ፣ ይምረጡ። የዲስክ ዝርዝር ያለበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ቀስ ይበሉ። ዲስክ 0 እና ዲስክ 1 ካሉ በመጠናቸው ይለዩዋቸው። ዊንዶውስ በነበረበት ዲስክ ላይ ያሉትን ክፍልፋዮች ይሰርዙና ባዶውን ቦታ መርጠው ይቀጥሉ። ፋይል ያለበት የዲ ክፍልፋይ ካለ እሱን አይንኩ። ገልባጩ ሲጨርስ ኮምፒውተሩ በራሱ ይነሣል፤ በዚያ ጊዜ ፍላሹን ይንቀሉ፤ ካልሆነ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ማዋቀሪያው እስኪያልቅ ኢንተርኔት አያገናኙ፤ ሩፎስ ላይ የጻፉት የአካባቢ አካውንት በሰላም እንዲያልፍ ያደርጋል።

በሁለቱም መንገዶች መብራት የሚጠፋበት ሰዓት ላይ አይጀምሩ። የላፕቶፕዎ ባትሪ ከአንድ ሰዓት በላይ የማይቆይ ከሆነ ወይም ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይበደሩ። መሃል ላይ የተቋረጠ ጭነት አብዛኛውን ጊዜ ከፍላሹ እንደገና ሊጀመር ይችላል፤ በማሻሻል ላይ ሳለ የተቋረጠ ግን ፋይሎችን ሊጎዳ ይችላል።

ከተጫነ በኋላ

ገመድ አልባው መረብ ካልሠራ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ያገናኙና ከስልኩ ቅንብር ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ያብሩ። ዊንዶውስ ስልኩን እንደ መረብ ካርድ ስለሚያየው የጎደለውን ድራይቨር በእሱ ያወርዳል። ከዚያም የአምራቹን ድረ ገጽ በማሽኑ ሞዴል ይፈልጉ፤ ለዊንዶውስ 11 ተብሎ የወጣ ባይኖር የዊንዶውስ 10ው ድራይቨር ይሠራል።

ወዲያው ሴቲንግስ ገብተው የሚጠቀሙበትን ግንኙነት «ሜተርድ» (ጥቅል ቆጣቢ) ያድርጉት፤ ካልሆነ በመጀመሪያው ሰዓት ጥቅልዎን ይበላዋል። «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚለው ማሻሻያን ለሌሎች ኮምፒውተሮች ማካፈያ ስለሆነ ያጥፉት። ለማሻሻያ ብቻ በወር አንድ ቀን ጥቅል መድበው ሜተርዱን ያንሡት፤ ማሻሻያ ከናካቴው መዝጋት ዊንዶውስ 11 መጫኑን ከንቱ ያደርገዋል።

ለአማርኛ፣ ታይም ኤንድ ላንጉዊጅ ውስጥ ገብተው ቋንቋ ይጨምሩና አማርኛን ይምረጡ፤ የቁልፍ ሰሌዳው አብሮ ይመጣል። አጻጻፉ ካልተመቸዎት ኪይማን የተባለው ነጻ ፕሮግራም የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳዎች አሉት። በኒያላ ፊደል የተጻፉ ሰነዶችዎ መልካቸው ተለውጦ ገጻቸው ከተዛባ አይደንግጡ። ኒያላ ፎርማት በተደረገ ዊንዶውስ ላይ አብሮ አይጫንም፤ በቦታው ኤብሪማ ይገባል። ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ «ኢትዮፒክ ሰፕሊሜንታል ፎንትስ» የሚለውን ሲጨምሩ ሰነዱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ማሽኑ ስድስተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ከከበደ፣ በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» የሚለውን ይመልከቱ። በእነዚህ ፕሮሰሰሮች ላይ ጥበቃው ፍጥነትን ይቀንሳል። ማጥፋቱ ያፈጥነዋል፤ ግን አንድ የመከላከያ አጥር ይነሣል። ከማጥፋትዎ በፊት ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች ይቀንሱ፤ ብዙ ጊዜ ያ ይበቃል።

በየዓመቱ የሚሠራው

25ኤች2 የተባለው እትም ለሆምና ለፕሮ እስከ ኦክቶበር 12 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ያገኛል፤ ይህም ጥቅምት 1 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው። 24ኤች2 ደግሞ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ያበቃል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ አባውት ገጽ ላይ ተጽፏል። የሚያበቃበትን ቀን በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ያስፍሩ።

ቀኑ ሁለት ወር ሲቀረው አዲሱን አይኤስኦና አዲሱን ሩፎስ አውርደው ፍላሹን እንደገና ያዘጋጁና በመንገድ አንድ ይጫኑ። አዲስ እትም በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ግን አይቸኩሉ። 24ኤች2 ኮር 2 ዱዎን እንዳስቀረው የሚቀጥለውም ሌላ ትውልድ ሊያስቀር ይችላልና የእርስዎን ፕሮሰሰር የያዙ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው አስቀድመው ያንብቡ። ያን ጊዜ አልነሣም ካለም መጠባበቂያ ቅጂው በእጅዎ ነው፤ የሊነክስ ሚንት አይኤስኦም በዚያው ሩፎስ፣ በዚያው ፍላሽ ይጻፋል።